የጠገበችው ልጅ ረሃብ

ነርሷ ያን ቀን ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ የገባችው ምክር ለመስጠት አልነበረም። የነጭ ጋዋኗ ኪስ በበር እጀታ ተይዞ ተቀዶባት፣ ከምሳ ሰዓቷ ላይ ሩብ ሰዓት ሰርቃ፣ «ቶሎ ያድርሱልኝ» ለማለት ብቻ ነበር የመጣችው። ነገር ግን በዚያ ሱቅ ውስጥ ቶሎ የሚባል ነገር እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለሱቁ ክር ይሸጣሉ፣ በክር ይሰፋሉ፣ መርፌያቸው ሲያርፍ ደግሞ ካገኙት ሰው ጋር ይከራከራሉ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቀልደኛ ደንበኛ «ጋሽ ክርክር» ብሎ ሰየማቸውና ስሙ በዚያው ጸደቀ። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ይኮሩበታል ማለት ይቻላል።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «የመጀመሪያ ዩኒፎርምሽን የሰፋሁልሽ እኮ እኔ ነኝ። አሁን አንቺ ሲስተር ተብለሽ መርፌ ትወጊያለሽ፣ እኔም እዚሁ መርፌ ይወጋኛል። ነይ፣ ቁጭ በይ።»

«ጋሼ፣ አልቀመጥም፤ ኪሴን ብቻ...»

«ባለቤቱ ቆሞ የሚሰፋ ኪስ የለም።»

ስቃ ወንበር ሳበች። ልትቀመጥ ስትል ግን ጥግ በተቆለለው የጨርቅ ቅዳጅ ላይ አንዲት ልጅ ተጠቅልላ ተኝታ አየች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ እንኳ ከጀርባዋ አልወረደም።

«የልጄ ልጅ ናት፤ ጮሌ» አሉ ጋሽ ክርክር ክር ወደ መርፌው እያስገቡ። «ጮሌ ያልናት በአምስት ዓመቷ የሱቁን ክር በየቀለሙ ስትለይልኝ ጊዜ ነው። አሁን ዘጠኝ ሞላትና ስሙ አልበጃት አለ። ለምሳ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ክልትው ብላ ትተኛለች። ክፍል ውስጥም ታንቀላፋለች አሉኝ። ስንፍና ነው! እናቷ ሆቴል ቤት ልብስ አጣቢ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። የማብላቱ ሥራ የእኔ ነው፤ እሱን ደግሞ አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅም።»

ነርሷ ቁጢጥ አለችና የልጅቷን መዳፍ ገለበጠች። መዳፉ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ ነርሷ የታችኛውን የዓይን ቆቧን በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ አየች፤ እዚያም ቀይ መሆን የነበረበት ቦታ ገርጥቷል። ከዚያ ቀና ብላ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ተመለከተች። ግማሹ የተጠጣ የግማሽ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የነጭ ዳቦ ቁራሽ፣ ታቹ ላይ ስኳር የተቀመጠበት ጥቁር ሻይ ነበር።

«ምሳዋ ይህ ነበር፣ ጋሼ?»

«ታዲያስ! ነጭ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ በላዩ ላይ ትኩስ ሻይ። በዚህ መንገድ ላይ እንደሷ ተንደላቃ የምትበላ ልጅ ካለች አሳዪኝ። ይሄ ጎረቤቴ ጫማ ሰሪው ለልጆቹ ባቄላ ቀቅሎ በውሃ ያወራርድላቸዋል። አጥቶ መሰለሽ? ንፉግ ሆኖ ነው። ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።»

«እነዚያ ልጆች ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ?»

ጋሽ ክርክር መርፌያቸውን አቆሙ። ጥያቄው አልጣማቸውም።

«ምን ለማለት ነው?»

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ልጅቷ ሰነፍ አትመስለኝም። ደም ያነሳት ይመስለኛል።»

«ደም ያንሳታል! ሆዷ እስኪነፋ የምትበላ ልጅ?»

«ሆድ መሙላትና መመገብ ሁለት ነገር ናቸው። ሆድ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ደም ግን የሚሠራበትን ይመርጣል፤ ብረት ይፈልጋል።»

«ብረት? እኔ ቤት ያለው ብረት መቀስና መርፌ ነው። ልጅ ብረት ትበላለች እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ነርሷም ፈገግ አለች፤ ነገሩን ግን አልለቀቀችም። «ትበላለች እንጂ። ባቄላ ውስጥ አለ፣ ምስር ውስጥ አለ፣ ጎመን ውስጥ አለ፣ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በደንብ አለ፤ ዓይን ስለማያየው ነው። ሲያንስ ሰው ይገረጣል፣ ይዝላል፣ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይጥለዋል። በዚህ ምሳ ውስጥ ያለችው ጥቂት ብረት ብትኖር እንኳ ሻዩ ጠርንፎ ይይዛትና ሳትጠቅም ታልፋለች። ሻይ መጥፎ መጠጥ ሆኖ አይደለም፤ ከምግብ ጋር አብሮ ሲገባ ነው ጣጣው።»

«ለስላሳውስ ምን አደረገሽ? እሱም ጠርንፎ ይይዛል በይኛ!»

«የስኳር ቆርቆሮዎን ያቀብሉኝ።»

ባዶ ብርጭቆ አስቀመጠችና በሻይ ማንኪያ ትጨምርበት ጀመር። ሦስት ላይ ሲደርስ ጋሽ ክርክር «እሺ» አሉ። ስድስት ላይ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። አሥር ላይ «ኧረ በቃሽ፣ ቆርቆሮዬን ልትጨርሺው ነው» አሉ። አሥራ ሁለት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እንዲህ ባለ አንድ ጠርሙስ ውስጥ የሚሟሟው ስኳር ወደዚህ ይጠጋል። ልጅቷ ይህን በማንኪያ እየዛቀች ስትበላ ቢያገኟት ዝም ይሏታል?»

«እጇን ነበር የምመታት» አሉ ሳያስቡት። ወዲያው ግን በራሳቸው አፍ መረታታቸው ገባቸውና ፊታቸው ተለዋወጠ።

እዚህ ላይ የሰውየውን ልብ ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ክርክር ክፉ አልነበሩም፤ ያቺን ልጅ ከዓይናቸው ብሌን አስበልጠው ይወዷታል። ነገር ግን በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ሲሄዱ እናታቸው የተቀቀለ ባቄላ በአሮጌ ጨርቅ ቋጥረው ይሰጧቸው ነበር። ዳቦና ከረሜላ የያዙት ልጆች ይስቁባቸዋል። እሳቸውም ከግንብ ኋላ ተደብቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይበላሉ። ያ ሃፍረት ስድሳ ዓመት ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ነበርና «የእኔ ልጅ ባቄላ አትቋጥርም» ብለው ማሉ። ለስላሳውና ብስኩቱ ለእሳቸው ምግብ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ግንብ ኋላ የመውጫ ምስክር ወረቀት ነበር። ስለዚህ የነርሷ ንግግር ምክር ሆኖ አልተሰማቸውም፤ የድሮዎቹ ልጆች ሳቅ ሆኖ ተሰማቸው።

«ስሚ» አሉ ድምፃቸው እየሻከረ። «ከድህነት ያወጣኋትን ልጅ መልሰሽ ባቄላ ልታስቋጥሪያት ነው? ትምህርትሽ ይህን ነው ያስተማረሽ? የእኔን ቤት ለእኔ ተዪው።»

«እሺ ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ይምጡና ደሟን እንይ።»

«ኪስሽ አልቋል» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

ነርሷ አመስግና ወጣች። ጋሽ ክርክር የስፌት መኪናቸውን አስነሡና ያለወትሯቸው ሳያቋርጡ ሰፉ። የመኪናው ጩኸት አንድ የሚኮረኩራቸውን ሐሳብ እንዲሸፍንላቸው ፈልገው ነበር። ከወር በፊት የልጅቷ መምህርት አስጠርታቸው «በትምህርት ሰዓት ታንቀላፋለች፤ ቤት ውስጥ ችግር አለ?» ስትላቸው «ምንም ችግር የለም፣ ስንፍና ነው፤ ስታንቀላፋ ከኋላ ያቁሙልኝ» ብለው ነበር። መምህርቷም በአያትየው ቃል መሠረት ልጅቷን በየቀኑ ከክፍሉ ኋላ ታቆማት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እያለከለከ ሱቁ ደረሰ። ጮሌ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ስትሮጥ ወድቃ ራሷን ስታ ነበር። ጋሽ ክርክር ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሱቁን ሳይቆልፉ ሮጡ። ልጅቷ ነቅታ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ፊቷ ገርጥቷል፣ ከንፈሯም ነጭ ሆኗል። ሲያዩዋት የመጀመሪያ ቃሏ «አባባ፣ ተኝቼ አይደለም» የሚል ነበር።

ጤና ጣቢያ አደረሷት። ከልጅቷ ጣት ደም ተወሰደና ውጤቱ እስኪመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ካርዱን ይዛ የመጣችው ያችው ነርስ ነበረች። ጋሽ ክርክር አንገታቸውን ደፉ። «ነግሬዎት ነበር» የሚለውን ቃል እየጠበቁ ነበር፤ እሷ ግን እንደማንኛውም የበሽተኛ ቤተሰብ ሰላምታ ሰጥታ፣ እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የበላችውንና የጠጣችውን ይንገሩኝ» አለቻቸው።

ወንበሩ ላይ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ የጫማ ሰሪው ሚስት የታመመ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጋሽ ክርክር አዩዋት፤ እሷም ጆሮዋን እንደሰጠች አወቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠዋት... እንቁላል በላች» አሉ። «ወተትም ጠጥታለች። ምሳ ላይ ሥጋ ነገር፣ ጎመንም አለበት። ማታም እንደዚያው።»

ነርሷ አልጻፈችም። ወደ ልጅቷ ዞር አለች። «እንደዚያ ነው የበላሽው፣ የኔ ቆንጆ?»

ጮሌ አያቷን አየች። እጃቸው የሜትሩን ጫፍ ሲጠቀልልና ሲፈታ አየች። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አዎ። እንቁላሉን ጨርሼዋለሁ» አለች።

ያቺ ልጅ ውሸት አታውቅም ነበር። ክር ሰርቃ ተጫውታ እንኳ ራሷ መጥታ የምትናገር ልጅ ናት። ለእሳቸው ስትል ዋሸች። ጋሽ ክርክር ያን ጊዜ የተሰማቸውን ለመናገር ቃል ይቸግራል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ሃፍረት ሰው ሳቀብኝ ማለት ነበር። ይህኛው ግን የሚስቅ ሰው የሌለበት፣ ከራስ ጉያ የሚወጣ ሃፍረት ሆነባቸው።

«ውሸት ነው» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ስላለ ሰዉ ሁሉ ዞረ። «ልጅቷ አይደለችም የዋሸችው፣ እኔ ነኝ። ጠዋት ሻይና ነጭ ዳቦ ነው የበላችው። ምሳዋ ድንች ጥብስና ለስላሳ፣ ከላዩም ሻይ። ማታ ፓስታ ባዶውን፤ እንደገና ሻይ። ትናንት ብቻ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው።»

ነርሷ ጻፈች። ፊቷ ላይ የድል ምልክት አልነበረም። ውጤቱ ሲመጣ የልጅቷ ደም ከሚገባው በታች ነበር። ሌላ ምክንያት እንዳይኖር የሰገራ ምርመራም ተደረገ፤ ትል አልተገኘባትም። ሐኪሙ የብረት ሽሮፕ አዘዘላት። ነርሷም አያትየውን ጠባብ ክፍሏ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ አሁን የሚጠይቁኝ ካለ ይጠይቁኝ።»

«ልጄ፣ የመጠየቅ ፊት የለኝም» አሉ። ሆኖም ክርክር በደማቸው ነውና ቆይተው፣ «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ በባቄላ ነው ያደግሁት፤ ድሃ ነበርን። አሁን ያለን ተሻሽሏል። እንዴት ነው ኑሮው ተሻሽሎ ምግቡ የከፋው?» አሉ።

«ኑሮ ሲሻሻል ብዙ ሰው የሚመርጠው በማስታወቂያ ያየውን ነው እንጂ ሰውነቱ የሚፈልገውን አይደለም። የእናትዎ ባቄላ ብረትም፣ ገንቢ ምግብም፣ ሆድ የሚያስተካክል አሰርም ነበረው። ዱቄቱ የነጣው ዳቦ ግን ገለባው ሲወጣለት ብዙ ጥቅሙም አብሮ ወጥቶለታል። ብስኩቱ ስኳርና ስብ ነው። ለስላሳው ደግሞ ሆዷን ይሞላና ለወተቱና ለእንቁላሉ ቦታ ይነሳቸዋል። ያስቡት፤ ሆዷ ትንሽ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው። በምን እንደሚሞላ መምረጥ የእኛ ፋንታ ነው።»

«እናቴ እንግዲህ ያውቁ ነበር?»

«ያላቸውን ሰጡ። የሰጡት ግን ጥሩ ነገር ነበር።»

ጋሽ ክርክር መነጽራቸውን አወለቁና ለረጅም ጊዜ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ከግንብ ኋላ ሆነው በእናታቸው ላይ ያዘኑባቸውን ቀናት አሰቡ። አንድ ጊዜ የተቋጠረውን ባቄላ ሜዳ ላይ በትነው ባዶ ጨርቅ ይዘው ገብተው፣ እናታቸው «ጎበዝ፣ ጨረስከው» ብለው ግንባራቸውን የሳሙት ትዝ አላቸው። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ያን ቀንም ለነርሷ አልተናገሩም።

«በይ ንገሪኝ፤ ምን ላድርግ?» አሉ በመጨረሻ። «እንደ ልብስ ልኩን ስጪኝ።»

ነርሷም ቀለል አድርጋ ነገረቻቸው። ለስላሳው ከቤት ይውጣ፤ በእሱ ፋንታ ውሃ ይቀመጥ፣ በተገኘ ጊዜ ወተት። ሻይ ካማራት ስኳሩ ቀንሶ፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሁን። ባቄላ ወይም ምስር በየቀኑ ይኑር፤ አጠገቡ ጎመን፣ በላዩ ሎሚ ይጨመቅበት ወይም ብርቱካን ይከተለው፣ ብረቱን ወደ ደም የሚያስገባው እሱ ነውና። እንቁላል በሳምንት ጥቂት ቀን፤ ሥጋ በተገኘ ጊዜ ትንሽም ብትሆን። ዳቦው ጠቆር ያለው ይሁን። «ደግሞ ለስላሳውና ብስኩቱ የሚወስደው ወጪ እንቁላሉንና ብርቱካኑን ይሸፍናል፤ ሀብታም መሆን አያስፈልግም» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ለጋሽ ክርክር የከበደው ነገር ሽሮፑም ባቄላውም አልነበረም፤ የጫማ ሰሪው በር ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ ደጁ ሄደው ተመለሱ። በሦስተኛው ጫማ ሰሪው ራሱ አያቸውና፣ «ጋሼ፣ ሶል ተላጠ እንዴ?» አላቸው።

«ሶል አይደለም፤ ፊቴ ነው የተላጠው» አሉ። «ንፉግ ብዬህ ነበር። ይቅርታህን ፈልጌ ነው። ደግሞም... ባቄላ እንዴት እንደሚበስል ረስቻለሁ።»

ጫማ ሰሪው መዶሻውን አስቀመጠ። ሰውየው ነገር የሚያከርር አልነበረም። ሚስቱን ጠራና እሷም ከማታ ጀምሮ በውሃ እንደሚዘፈዘፍ፣ ጠዋት ውሃው ተደፍቶ በአዲስ እንደሚቀቀል አስረዳቻቸው። ጤና ጣቢያ ስለሰማችው ነገር ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጋሽ ክርክር ዝምታዋን እንደ ትልቅ ውለታ ቆጠሩት።

መጀመሪያ አካባቢ ጮሌ ፊቷን አጨማደደች። ለስላሳ እያለች አለቀሰችም። እናቷ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትገባ «አባዬ፣ ምን ነካህ?» ስትል፣ ጋሽ ክርክር ያለአንዳች ክርክር የሆነውን ሁሉ ነገሯት። እሷም እያለቀሰች፣ ጥፋቱን ተካፍላ፣ በእረፍት ቀኗ ጎመን መክተፉን ከልጇ ጋር ያዘች። እሳቸው ራሳቸው የሻይ ስኳራቸውን ከአራት ማንኪያ ወደ አንድ አወረዱ። ልጅቷን እየከለከሉ እሳቸው ሊጠጡ አላስቻላቸውም።

ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ የተመለሰው የልጅቷ ንግግር ነበር፤ ከትምህርት ቤት እስከ ሱቅ ሳታቋርጥ ማውራት ጀመረች። ቀጥሎ ቀን መተኛቷ ቀረ። ከሦስት ወር በኋላ ደሟ ሲታይ ነርሷ ወረቀቱን ለአያትየው ሰጥታ «ያንብቡት» አለቻቸው። ቁጥሩ ልክ ገብቶ ነበር።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ጋሽ ክርክር ቆም አሉ። ሦስት ወር ሙሉ በልባቸው ሲያብሰለስሉት የከረሙትን ነገር ሊናገሩ ነበር። ክርክር የማይፈሩ ሰው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ላብ አጠመቃቸው።

«ጮሌ፣ ያኔ መምህርትሽን ከክፍሉ ኋላ ያቁሟት ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። «እውነት መስሎኝ ነዋ። ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።»

ጋሽ ክርክር መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰው ያልፋል፣ ያገድማል፤ ደንበኞቻቸውም ሰላም ይሏቸዋል፤ እሳቸው ግን አላዩም። «አልነበርሽም» አሉ። «አንድ ቀንም ሰነፍ አልነበርሽም። ታመሽ ነበር፤ ያሳመምኩሽም እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ግን ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆችም ሰነፍ ናት ነው የሚሉኝ። ለእነሱስ ትነግራቸዋለህ?» አለች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዱ። ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለመምህርቷ ሁሉንም ሲነግሯት ደነገጠች፤ «የእኔም ጥፋት አለበት፤ ለምን እንደምታንቀላፋ አልጠየቅሁም» አለቻቸው። ጋሽ ክርክር በአርባ ልጆች ፊት ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጮሌ ሰነፍ እንዳልነበረች፣ የምትበላውና የምትጠጣው ነገር ደሟን እንዳስራበው፣ የመረጡላትም እሳቸው እንደነበሩ ተናገሩ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «እኔም ጠዋት ጠዋት ሻይና ብስኩት ነው» አለ። ሌላዋም «እኔም» አለች። መምህርቷ ይህን ሰምታ ነርሷን ለወላጆች ስብሰባ ጋበዘች። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ብዙ ቤት ውስጥ ሻዩ ከምግቡ ተለየ፣ የምሳ ዕቃዎችም ውስጥ ምስር፣ እንቁላልና ብርቱካን ይታይ ጀመር። የትምህርት ቤቱ ሱቅ ለስላሳ መሸጥ አቁሞ የውሃ በርሜል አስቀመጠ። በቀጣዩ ዓመት ነርሷ ልጆቹን ስትመረምር መዳፋቸው የነጣ ልጆች ካለፈው ያነሱ ነበሩ። መምህርቷም ከሰዓት በኋላ የምታስተምረው ትምህርት የሚሰማ ጆሮ እንዳገኘ ተናገረች።

ለልጆቻችን ስንመርጥ ብዙ ጊዜ የምንመርጠው የራሳችንን የድሮ ቁስል ለመሸፈን ነው። ጋሽ ክርክር ይህን የተማሩት በሰባ ዓመታቸው ነው። አሁን ሱቃቸው ለሚገባ እናትና አባት ሁሉ፣ የልብስ ልክ እየወሰዱ፣ ይህን ታሪክ ያወራሉ። ያቺ ልጅ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለእሳቸው ስትል የዋሸችበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ሰው አያዩም። ነገር ግን ያችን ቦታ አንድ ጊዜ እንኳ ዘለዋት አያውቁም።